ያውቁ ኖሯል? ከስሜን ገደል እስከ ሰነቴ ሜዳ

ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ከሚያልፈው የአፍሪካ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ በቁመት ይበልጡናል፤ ግን ለብቻቸው የቆሙ ጫፎች ናቸው። የእኛው ሰው የሚያርስበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ንጉሥ የተቀባበት ሰፊ ደጋ ነው። ስለ ስሜንና ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ሲወራ ሁሉም ስለ ዕይታው ያወራል። እኛ ዛሬ የምናነሣው እዚያ ላይ ማን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ ብርዱንም እንዴት እንደሚችለው ነው። (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሜን ላይ በረዶ መኖሩ በጽሑፍ ከሰፈረ ከ1,500 ዓመት እንደሚበልጥ ያውቁ ኖሯል? ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ወደብ ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ አግኝቶ ቀዳ። ድንጋዩ ጠፍቷል፤ ግልባጩ ግን እስከ ዛሬ አለ። ንጉሡ ድል ነሣኋቸው ካላቸው ሕዝቦች መካከል ከወንዝ ማዶ ለመድረስ በሚያስቸግር ተራራ ላይ የሚኖሩት የስሜን ሰዎች ይገኙበታል። አገራቸው ዓመቱን ሙሉ በረዶና ውርጭ እንደማያጣውና በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ጽሑፉ ይናገራል። ድሉን ድንጋይ ላይ የሚያስቀርጽ ንጉሥ ትንሽ ቢያጋንን አይፈረድበትም። ዛሬ ራስ ደጀን ላይ በረዶ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ብዙ አይቆይም።

ያን አስፈሪ ገደል ያቆመው እሳት፣ የጠረበው ደግሞ ውኃ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ዓለት ሲረጋ፣ በላዩ ሌላ ሲፈስ፣ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ተከመረ። ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ ጠርዙን እየበሉት መጡ። ኢመት ጎጎ ጫፍ ላይ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ማዶ የሚያያቸው አምባዎች ከዚያ ሁሉ መሸርሸር የተረፉ ናቸው። ከእግሩ ሥር ያለው ቁልቁለት በአንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ይደርሳል።

የጅንባር ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ክረምቱ እንደወጣ ካልደረሱበት ግን ውኃው ይቀጥናል።

ከደባርቅ ተነሥተው ሳንቃበር ላይ ፎቶ አንሥተው በዚያው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። መኪና ላለውና ጊዜ ለሌለው ይገባናል። ይሁንና ጊች እና ጨነቅ ሳይደርሱ ስሜንን አየሁ ማለት ከበር ተመልሶ ቤቱን ጎበኘሁ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ነዋሪዎቹ። ጭላዳ በዓለም ላይ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛው ነው። ቀኑን ሙሉ ቂጡ ላይ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ በጣቶቹ ሣር ይነጫል። መሽቶ ሲበርድ መንጋው ወደ ገደሉ ወርዶ በቀጭን የድንጋይ እርከኖች ላይ ያድራል፤ ነብርም ሆነ ጅብ እዚያ አይደርስበትም። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ከገደሉ አፋፍ ብቅ ብቅ ሲል ማየት፣ እንደኛ እንደኛ፣ ከራስ ደጀን ጫፍ ይበልጣል።

ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳስ ምንድን ነው? ሌሎች ዝንጀሮዎች እንዲህ ያለውን ምልክት የሚያሳዩት በመቀመጫቸው ነው። ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል እንስሳ ግን ያ ብዙ አይጠቅምም። የጭላዳ ማስታወቂያ በደረቱ ላይ ነው። መንጋ የሚመራ ወንድ ቀይነቱ ይደምቃል፤ ሥልጣኑን የተነጠቀው ይደበዝዛል። ተሸናፊነቱን መደበቅ አይችልም ማለት ነው፤ ይህ ሥርዓት ለሌሎች ባለሥልጣናትም ቢኖር ብለን ማሰባችን አልቀረም።

ድምፁም ሌላ ጉዳይ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት የጭላዳ ወንዶች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚያሰሙት ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ተራራው ላይ ለብቻው የሚጓዝ ሰው ከኋላው ወሬ የሰማ መስሎት ቢዞር አይፈረድበትም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው አየሩ በሳሳበት ከፍታ ነው። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። ከአዲስ አበባ የሄደ እንኳ ራሱን ያመዋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ያለከልካል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ይህን የተቋቋሙት በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን በማብዛት ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ባይበዛም የደማቸው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። ስሜን ውስጥ አምባራስ በተባለው አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ገበሬዎች ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት ግን ተመራማሪዎቹን አስደነቀ። የእነዚህ ሰዎች ሄሞግሎቢንም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን ቆላ ላይ ካለ ሰው ብዙ የሚለይ አልነበረም። ሦስት ሕዝብ፣ ሦስት መላ። በሃያ ዓመቱ፣ በ2022፣ የጭላዳን ዘረመል ያጠኑ ሰዎችም የሚመሳሰል ነገር አገኙ፦ የጭላዳ ሄሞግሎቢንም በከፍታው ምክንያት አልበዛም፤ ደረቱ ግን ከሌሎች ዝንጀሮዎች ደረት ሰፋ ያለ ነው። ገበሬውና ጭላዳው በአንድ ሣር ሲጣሉ ይኖራሉ፤ ለአየሩ ያገኙት መፍትሔ ግን ተቀራራቢ ነው።

ከፓርኮቹ ወጣ ብለን አንድ ነገር እንጨምር፤ ነገሩ መንዝ ጓሳ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ሲያድን ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። በ2015 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው በመንጋው መሃል ሆኖ ካደናቸው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። አንድ ግልገል ቢነጥቅ ይህን ሁሉ እንደሚያጣ የገባው ይመስላል።

ዋልያ በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ ስሜን ብቻ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተረፈው 150 ገደማ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያን ተሸክሞ ነው ገደል ለገደል የሚዘለው። ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» መባሉን የማያውቅ የለም። ዋልያው ግን ከቡድኑ በተሻለ ቀጥ ያለ ገደል ይወጣል።

ጅብራን ከሩቅ ያየ የዘንባባ ዛፍ ይመስለዋል። ይህ ተክል ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ እያወጣ ይኖራል። አንድ ቀን ከመሃሉ ረጅም የአበባ ግንድ ይወረውርና፣ ከነግንዱ ከአምስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ዳግመኛ የሚባል ነገር የለም። ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ መሃል ሰብስቦ እንቡጡን ከውርጭ ይጠብቃል። ጨነቅ አካባቢ ደርቀው የቆሙት ግንዶች እንግዲህ የታመሙ አይደሉም፤ ሥራቸውን የጨረሱ ናቸው።

አጥንት ሰባሪው አሞራ ዋና ምግቡ ሥጋ ሳይሆን አጥንት ነው። የማይዋጥለትን ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ የተሰበረውን ወርዶ ይውጣል፤ የቀረውን የጨጓራው አሲድ ይጨርሰዋል። የደረቱ ወርቃማ ቀለም ደግሞ ከተፈጥሮው አይደለም፤ ብረት በበዛበት ጭቃ ተለቃልቆ የሚቀባው ነው።

ስሜን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ በ1978 ሲሰፍር መዝገቡ ገና ባዶ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የገቡት 12 ቦታዎች ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ የእኛ ናቸው፦ ላሊበላና ስሜን። ከተፈጥሮ ቦታዎች ከስሜን ጋር የተመዘገቡት የጋላፓጎስ ደሴቶች፣ የአሜሪካው የሎውስቶን እና የካናዳው ናሃኒ ናቸው። ከ1996 እስከ 2017 ግን ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል፤ ዋልያው አንሶ፣ እርሻና ግጦሹ ፓርኩ ውስጥ ዘልቆ ነበር። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ የጊች መንደር ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ አባወራዎች በ2016 ከመንደራቸው ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዛሬ ጊች ሜዳ ላይ ድንኳን የሚተክል ቱሪስት ሰው ኖሮበት የማያውቅ ምድር የረገጠ ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ ገብስ የሚታጨድበት፣ ልጅ የሚዳርበት መንደር ነበር።

የፓርኩ የመጀመሪያ ዋርደን በኋላ የታወቀ የጃፓን ደራሲ ሆነ ቢባሉ ያምናሉ? ሲ. ደብልዩ. ኒኮል ዌልስ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ስሜን ላይ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ ስለዚያው መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ ጃፓን ገብቶ ኖረ፤ ዜግነቷን ወሰደ፤ ናጋኖ ውስጥ የተራቆተ መሬት ገዝቶ ደን አለማበት። ያረፈው በ2020 ነው።

የራስ ደጀን ከፍታ ስንት ነው? የእኛ ትውልድ ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ 4,620 ብሎ ሸምድዷል። አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ሜትር ሲሆን 4,533 የሚልም አለ። ተራራው አላጠረም፤ መለኪያው ነው የተለወጠው። ጫፉ ላይ መውጣታቸውን ከመዘገቡት የውጭ ሰዎች ቀዳሚዎቹ ፌሬና ጋሊንዬ የተባሉ ፈረንሳውያን መኮንኖች ናቸው፤ ዓመቱ 1841። እረኞቹ ከእነሱ በፊት ስንት ጊዜ እንደወጡ የመዘገበላቸው የለም።

ደጃዝማች ውቤ የስሜን ገዥ ነበሩ። ደረስጌ ማርያምን ያሳነጹት ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው እንደነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ማረኳቸው፤ በቀናት ውስጥም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ድግሱን የደገሰው አንድ፣ የበላው ሌላ። የእቴጌ ጣይቱ የዘር ሐረግም ከዚሁ ከስሜን ነው፤ ውቤ አጎታቸው ናቸው።

ቤተ እስራኤል በስሜን አምባዎች ላይ የራሳቸው ገዥዎች ነበሯቸው። ኃይላቸው የተሰበረው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመቻ ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የአያቶቻቸውን አገር ሲጠሩ ከሚያነሧቸው ስሞች አንዱ ስሜን ነው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩ ላይ እሳት ተነሥቶ የአስታ ቁጥቋጦውንና የጓሳ ሣሩን ሲበላ፣ ሊያጠፉ ከመጡት መካከል ከእስራኤል የተላኩ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ነበሩ።

ወደ ባሌ እንሻገር። ስሜን 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሌ 2,150። ስሜን ቁልቁል ያስፈራል፤ ባሌ አግድም ያደክማል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሰነቴ የተባለውን 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ያቋርጣል፤ በአፍሪካ ዓመቱን ሙሉ መኪና ከሚያሳልፉት መንገዶች ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። ከኢትዮጵያ ረጃጅም ተራሮች አንዱ የሆነው ቱሉ ዲምቱም (4,377 ሜትር) እዚያው ነው። ጫፉ ድረስ መኪና ስለሚወጣ ተራራ ወጣሁ ብሎ መኩራት ትንሽ ያሳፍራል። በበጋ ሌሊት የሰነቴ ብርድ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ደርሶ ያውቃል፤ ቀን ላይ በዚያው ቦታ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል።

ሰነቴ ላይ አንድ ጊዜ ሰፊ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። የቀረው ምልክቱ ዓይን ያታልላል፦ ትላልቅ ድንጋዮች ቁልቁለቱን ይዘው በረጃጅም መስመር ተደርድረዋል። አንዳንዱ መስመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱም 15 ሜትር ይደርሳል። ግንብ የጀመረ ሰው የተዋቸው ይመስላሉ እንጂ የደረደራቸው መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ የነበረው መነሣትና መውደቅ ነው።

ያ በረዶ በነበረበት ዘመን ሰውም እዚያ ነበር! ፊንጫ ሐበራ የተባለ ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ የኖሩበት መሆኑን በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አሳውቋል። በዓለም ላይ በዚህን ያህል ከፍታ ሰው ለመኖሩ ከተገኙት ማስረጃዎች ቀደምቱ ነው። ውኃቸው ከበረዶው የሚቀልጠው፤ ለመሣሪያ የሚጠርቡት ጥቁር የመስተዋት ድንጋይ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚገኘው። ሥጋቸውስ? ፍልፈል። በእሳት የተጠበሰ አጥንቱ ዋሻው ውስጥ በብዛት ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ፍልፈሉን ማንሣት ግድ ይላል። የባሌ ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም። ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ቅጠል ይሰበስብና መልሶ ይገባል። ትልቁ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። የጥንቱ ሰው ትቶት ሲሄድ ወራሹ ቀይ ቀበሮ ሆነ። ቀበሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም በመዳፉ ይቆፍራል። ቀይ ቀበሮዎች በቤተሰብ ይኖራሉ፤ ጠዋትና ማታ ተሰብስበው የክልላቸውን ድንበር ይዞራሉ፤ ለአደን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሄዳል። ፍልፈል ለማንም አይካፈልማ።

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ሳይንሳዊ መጠሪያቸው የስሜንን ስም ቢይዝም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፤ ስሜን ላይ መቶ አይደርሱም። ጠላታቸው ነብር ወይም አዳኝ አይደለም፤ የእረኛ ውሻ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እና በ2004 በሽታው የባሌው ዌብ ሸለቆ ገብቶ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ስለዚህ ቀበሮን ለማዳን የተሰማሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሻ በመከተብ ነው። ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባትም ተጀምሯል።

ይህ ሥጋ በል እንስሳ ጣፋጭ እንደሚወድስ ያውቁ ኖሯል? ባሌ ላይ ክረምት ሲመጣ በረጅም አገዳ ላይ ቀይና ቢጫ አበባ የሚያወጣ ተክል ሜዳውን ይሞላዋል። በ2024 የወጣ ጥናት እንዳረጋገጠው ቀይ ቀበሮ ከአበባ ወደ አበባ እየሄደ የአበባውን ማር ይልሳል፤ አንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ጎብኝቷል። አፍንጫው ላይ ብናኝ ተለጥፎበት ስለሚሄድ ምናልባት አበባውን ያዳቅል ይሆናል ተብሏል። ለነገሩ የባሌ እረኛ ልጆች ይህን አበባ ሲልሱ ኖረዋል፤ ተመራማሪዎቹንም ወደ አበባው የመሯቸው እነሱ ናቸው።

ከሰነቴ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ ውርጩ በሰዓታት ውስጥ ወደ ወበቅ ይለወጣል። አስታው አልቆ ቀርከሃው፣ ቀርከሃው አልቆ የሐረና ጫካ። እዚህ ጫካ ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ የንብ ቀፎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ የጫካ አንበሳም አለ። የባሌ ጦጣ አብዛኛው ምግቧ የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ስለሆነ ቀርከሃው ሲቆረጥ እሷም ትቸገራለች።

ባሌ ላይ የዘነበ ዝናብ ኪስማዮ ይደርሳል። ዌብ ወንዝ ከተራራው ወርዶ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከገናሌ ጋር ይገናኛል፤ ገናሌ ሶማሊያ ሲገባ ጁባ ተብሎ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ተራራው ላይ የሚቆረጠው አስታ እንግዲህ የጎባና የሮቤ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባሌ ፓርክ የሆነው በ1970 ነው። በሕግ የተደነገገው በ2014፤ ዩኔስኮ የመዘገበው በ2023። ስሜን ከመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሲሰፍር ባሌ 45 ዓመት ወረፋ ጠብቋል።

የደጋ አጋዘንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዲንሾ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ እንኳ ሲግጥ ይገኛል። የሳይንስ ሰዎች ይህን የሚያህል እንስሳ ያወቁት በ1908 ነው፤ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ገድሎ ቆዳውንና ቀንዱን ወደ ለንደን ከወሰደ በኋላ። በ1910 ስም ሲወጣለት በአፍሪካ ከተመዘገቡት ትላልቅ የአጋዘን ዘሮች የመጨረሻው ሆነ። ባሌ ድረስ መሄድ ያልቻለ ደግሞ ኪሱን ይፈትሽ፦ የአሥር ሳንቲማችን ጀርባ ላይ ቀንዱን አጠማዝዞ የቆመው እሱ ነው። ችግሩ ዛሬ አሥር ሳንቲም ይዞ የሚዞር ሰው ከደጋ አጋዘኑ ይልቅ ብርቅ መሆኑ ነው።